ግድቡን ያስቆመው ምሰሶ

ኩናራ ሸለቆ፣ ኩዊንስላንድ
ዲሴምበር 3 ቀን 2007

ለምወድሽ ልጄ ለኖሊን፣

በመጪው ማክሰኞ ሰማንያ አንድ ዓመት ይሞላኛል። ዛሬም በገዛ እጄ አሥራ አንድ ላም አልባለሁ። ትራክተሩን ያለ ማንም እርዳታ አስነሳለሁ፤ ጣራ ላይ ወጥቼ ቆርቆሮ እመታለሁ፤ መርፌ ውስጥ ክር የማስገባው ያለ መነጽር ነው። መንጃ ፈቃድ ሊያድስልኝ ዓይኔን የመረመረው ሐኪም «አቶ ዳንስተን፣ ከእኔ ዓይን ይሻላል» ብሎኛል። ለራሴ አበስላለሁ፤ ያበሰልኩት ይበላል ወይ የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው። የማልችለው ነገር ሁለት ብቻ ነው። አንደኛው፣ ዝናብ ሊመጣ ሲል የግራ ጉልበቴ አይታጠፍም። ሁለተኛው ይኸው ደብዳቤ ነው፤ ከጀመርኩት ዛሬ አራተኛ ቀኔ ነው።

እንደምታውቂው በቤታችን ጽሕፈት የእናትሽ ነበር። ኤልሲ ትጽፋለች፣ እኔ ከታች ስሜን እፈርማለሁ። ስሜን ብቻ ስጽፍ ስለኖርኩ ስሜ ያምራል፤ ሌላው ፊደሌ ግን እንደተቀያየመ ሰው አንዱ ካንዱ ይሸሻል። ያቺ ከወንዙ ማዶ ያለችው ጎረቤታችን ቤሪል «አንተ ተናገር፣ እኔ በኮምፒውተር ልጻፍልህ» አለችኝ። «ለልጄ የምለውን አንቺን ምን አገባሽ» አልኳት። ተቀየመች። ግን ኬክ ይዛ መጥታ ነው የተቀየመችው፤ ኬኩን ትታልኝ ሄደች።

ስልክም ሦስት ጊዜ ደውዬ ነበር። አንዲት የማላውቃት ሴት «መልእክት ያስቀምጡ» ትለኛለች። እኔ ደግሞ ለማሽን ምን ብዬ ልናገር? ዘጋሁት።

እንግዲህ ወሬው ይኸውልሽ፤ ግድቡ ቀረ። ቤታችን ውሃ አይውጠውም። የእናትሽ መቃብርም፣ የታችኛው መስክም፣ የተማርሽበት ትንሹ ትምህርት ቤትም ባሉበት ይኖራሉ። ጋዜጣ ላይ አይተሽው ይሆናል። ጋዜጣው ግን ቤሪል አጥሬን እንዴት እንዳፈረሰችው አልጻፈም።

የዚያን ቀን ጣራ ላይ ነበርኩ። የመኪና ጥሩምባ ሰማሁ፤ ቀና ስል የቤሪል ፒክአፕ መንገዱን ትቶ በመስኩ መሃል ይበራል። በሩ ጋ ዞራ ትገባለች ስል ሽቦውን በጥሳ፣ ሁለት ቋሚ ጥላ፣ ጥጆቼን በታትና ማለቢያው ቤት ሥር ቆመች።

«ክላሪ! ውረድ!»

«አንቺ ሴትዮ አብደሻል? አጥሬን!»

«አጥርህን እርሳው! ቀረ! ሚኒስትሩ አይሆንም አለ! አሁን በሬዲዮ ተናገሩ!»

«ማን ነው የቀረው?»

«ግድቡ ነዋ፣ አንተ ደንቆሮ! በኤሊዋ ምክንያት ቀረ!»

ከመሰላሉ እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ቤሪል ግን ሦስት ደረጃ ዘለህ ነው የወረድከው ትላለች። ተቃቀፍን። እኔ ሰው የማቅፍ ሰው እንዳልሆንኩ ታውቂያለሽ፤ ያን ቀን ግን አቀፍኩ፤ ላሞቹም ቆመው አዩን።

እስኪ አስቢው ኖሊን። ለስልሳ ሰባት እርሻ ያልራራ፣ ለመቃብር ያልራራ መንግሥት ለአንዲት በቂጧ ለምትተነፍስ ኤሊ ራራ። ቤሪል «አንተም ከዛሬ ጀምሮ በዚያው በኩል ተንፍስ፣ ክብር ታገኝ ይሆናል» አለችኝ።

አሁን ያላወቅሽውን ልንገርሽ። ቀላል አይደለም፤ አራት ቀን የፈጀብኝም እሱ ነው።

የዛሬ ሁለት ዓመት የፋሲካው ምሳ አይረሳሽም። ባልሽ ሬንዞ ለግድቡ ሥራ ቀያሽ ነበር። ውሃው የት ድረስ እንደሚደርስ ለማመልከት ጫፋቸው ቀይ የሆነ ችካሎች በመስኬ ላይ ተክሎ ሄዶ ነበር፤ የመጨረሻው ከኩሽናዬ ሦስተኛ ደረጃ አጠገብ ነበር። እኔም አርባ ሁለቱንም ነቀልኩና የቲማቲም ድጋፍ አደረግኳቸው። ምሳ ላይ ሬንዞ በመስኮት ወደ ጓሮ አየ።

«ክላሪ፣ እነዚያ የእኔ ችካሎች ናቸው?»

«ቲማቲሞቹ የእኔ ናቸው» አልኩት።

መጀመሪያ የሳቀው እሱ ነበር። ያንን አልካድም። ከዚያ ነው ቀስ ብሎ «ችካሉን ብትነቅለውም ውሃው መንገዱን አይስትም። የመንግሥት ደብዳቤ ሳይደርስህ በፊት ከእኔ አፍ ስማው ብዬ ነው የነገርኩህ። ከተማ ውስጥ ሰው በድርቁ ውሃ አጥቶ በባልዲ ነው የሚታጠበው፤ ሥራው አይቀርም። ሽጥና እኛ ጋ ና» ያለኝ። እኔ ደግሞ ሹካዬን ወርውሬ ምን እንዳልኩት ሰምተሻል። ውሃ እዚህ ደረጃ ላይ አይደርስም፣ ውሸታም ነህ፣ ከገበታዬ ተነስ አልኩት። ተነሳ። አንቺም ቦርሳሽን አንስተሽ ተከተልሽው። በሩ ላይ ዞር ብለሽ «አባዬ፣ ስትፈልገን የት እንዳለን ታውቃለህ» አልሽኝ። የት እንዳላችሁ አላውቅም ነበር። ከአገሩ ሌላኛው ጫፍ፣ ወርቅ ከሚቆፈርበት ካልጉርሊ መግባታችሁን የነገረችኝ ቤሪል ናት።

ከዚያ በኋላ ሸለቆው ሁሉ ተነሳ። ስብሰባ በስብሰባ ሆነ። የኤሊዋ ሥዕል ያለበት አረንጓዴ ካናቴራ ታተመ፤ ቤሪል ለእኔም አንድ አለበሰችኝ። ኤሊዋ ከዚህ ወንዝ በቀር በዓለም ላይ የትም የለችም ተባለ። ሕዝቡ ኤሊዋን ከልቡ ወደዳት ልልሽ አልችልም፤ እርሻችንን የምታድን መስላ ስለታየች ወደድናት። እኔ ካናቴራውን ለብሼ በሰልፉ ፊት ስሄድ ሆዴ ውስጥ ምን እንደነበረ ግን ማንም አላወቀም።

ባለፈው ዓመት ኖቬምበር ላይ ሜሪዴት የምትባል ኤሊ የምታጠና ሴት መጣች። ጫማዋ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው።

«አቶ ዳንስተን፣ በዚህ ዳርቻ ኤሊ እንቁላል ስትጥል አይተው ያውቃሉ?»

«አንተ በይኝ። አላየሁም» አልኳት።

ዋሸኋት። እሷም ግድቡን የሚሠሩት ሰዎች ያቀረቡትን ጥናት አሳየችኝ፤ ውፍረቱ የዳቦ ያህል ነው። ኤሊዋ በዚህ ዳርቻ ድሮም ኖራ አታውቅም፣ ጥቂቶቹም ያሉት ከላይ ከፏፏቴው ወዲያ ነው፣ ስለዚህ ግድቡ አይጎዳትም ይላል። ሜሪዴት ወንዙን ሁሉ ዞራ እዚህ ያገኘችው ዘጠኝ የእንቁላል ጎጆ ብቻ ነው። «ድሮ እዚህ በብዛት ይራቡ እንደነበር የሚያሳይ ማስረጃ ካላገኘሁ ነገሩ አለቀለት» አለችኝ። ማስረጃው ከቆመችበት ሃያ እርምጃ ይርቅ ነበር። ሦስት ሳምንት ዝም አልኩ።

ልጄ፣ አዳሪ ትምህርት ቤት የገባሽው በክሬም ሽያጭ ይመስልሽ ነበር። ክሬሙ የላሞቹን መኖ እንኳ አይሸፍንም ነበር። ያስተማሩሽ ኤሊዎች ናቸው።

ከሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ አምስት እስከ ሰባ ሦስት፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ማለዳ ወንዝ እወርዳለሁ። ኤሊዋ ስትወጣ አሸዋው ላይ የምትተወውን መንገድ ከማንም በላይ አውቃለሁ። ጉድጓዷን ከፍቼ እንቁላሉን አወጣለሁ፤ እንቁላሉ ወደ ላይ የነበረበት ጎን እንዳይዞር ምልክት አድርጌ በቅቤ ሣጥን ሰጋቱራ ውስጥ እደረድራለሁ። ሣጥኑን ማለቢያው ቤት ከማሞቂያው ጀርባ አስቀምጣለሁ። ለገና ሲቃረብ ሳንቲም የሚያካክሉ ኤሊዎች ይፈለፈላሉ። ከከተማ አንድ ሰውዬ መኪና ይዞ ይመጣና ይወስዳቸዋል። የከተማ ልጅ ሁሉ ለገና ስጦታ አንዳንድ ያገኝ ነበር፤ ብዙዎቹ ኤሊዎች ፋሲካን አላዩም። እናትሽ አልወደደችውም፤ አንቺ እንዳታውቂ ያስማለችኝም እሷ ናት። የመጨረሻው ዓመት ስድስት ጎጆ ብቻ አገኘሁ። ያኔ ተውኩት። ሕጉ የከለከለው በዓመቱ ነው፤ ሕጉን ቀድሜ ነው የተውኩት እያልኩ ስኩራራ ኖርኩ። እውነቱ ግን የቀረ ነገር ስላልነበረ ነው።

መጻፍ ስለሚከብደኝ በማለቢያው ቤት መሃለኛ ምሰሶ ላይ በቢላ እጭር ነበር። ለአንድ ጎጆ አንድ ጭረት። ዓመቱ ሲያልቅ አግድም አንድ ረጅም መስመር። ቤቱን ስንቀባ እናትሽ «ይኼን አትንካው፣ ያደረግከውን እያየህ እለብ» ብላ ምሰሶውን አላስቀባችኝም።

ሜሪዴት ዕቃዋን ጭና ልትሰናበተኝ መጣች። ሻይ አፈላሁላት። ኩባያዋን ይዛ መስኮቱ ጋ ቆማ ወደ ወንዙ ስታይ ዓይኗ ቀላ። እኔ ሴት ስታለቅስ ማየት አልችልም።

«ነይ፣ አንድ ነገር ላሳይሽ» ብዬ ወሰድኳት።

ጣቷን ጭረቶቹ ላይ አሳለፈች። «ይኼ ምንድን ነው?»

«የሌባ መዝገብ ነው። ሌባው እኔ ነኝ።»

ሁሉንም ነገርኳት። ባልዲ ገልብጣ ተቀመጠችና መቁጠር ጀመረች። አንድ ሺህ ሃያ ስድስት ጎጆ። ትሰድበኛለች ብዬ ስጠብቅ ሳቀች፤ እየሳቀች ደግሞ አለቀሰች።

«አቶ ዳንስተን፣ ይህንን ግድቡን መርምሮ ለሚኒስትሩ በሚያቀርበው ሸንጎ ፊት ይናገራሉ?»

«አንተ በይኝ አልኩሽ እኮ።»

«ትናገራለህ?»

«ምሰሶው ይናገራል። እኔ ተሸክሜው እመጣለሁ።»

አፌ ቀደመ እንጂ ምሰሶው የብረት ያህል የሚከብድ እንጨት ነው፤ ጣራውም ያረፈው በእሱ ላይ ነው። ጣራውን በትራክተር ክሪክ ደገፍኩና ምሰሶውን አወጣሁት። ማንሣት ግን አልቻልኩም። በዚህ ሸለቆ እንዲህ ያለ ትከሻ ያለው ዱጋልድ ብቻ ነው። ዱጋልድን ታውቂዋለሽ፤ ያ ዶዘር ነጂው። ግድቡ ላይ የአራት ዓመት ሥራ ተሰጥቶት ነበር፤ መኪናው ላይ «ግድቡ ይሠራ» የሚል ጽሑፍ ለጥፎ ነበር የሚዞረው። ሰው ሰላምታ ከነሳው ዓመት ሆኖታል። ቤቱ ሄድኩ።

«ዱጋልድ፣ አንድ እንጨት አሸክመኝ።»

«ለምኑ?»

«ሥራህን ላሳጣህ ነው።»

ሻዩን ጠጣ። «ከባድ ነው?»

«ለአንድ ሰው ይከብዳል።»

«አንተማ አርጅተሃል፣ በቀጥታ አትናገርም እንዴ» ብሎ ኮፍያውን አነሳ።

እኔና እሱ ሠላሳ ዓመት አብረን የጫካ እሳት ያጠፋን ሰዎች ነን። እዚህ አገር ለመሸከም የተጠራ ሰው ለምን ብሎ ሊጠይቅ ይችላል እንጂ አልመጣም አይልም። መንገዱን ሙሉ ሲሰድበኝ ሄደ። የከተማው አዳራሽ ደጃፍ ስንደርስ «ቆይ፣ የራሴን መቃብር በራሴ ትከሻ ተሸክሜ የምገባ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ» አለ። እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን በተሰበሰበው ሕዝብ መሃል ገባን።

ዳኞቹ ሦስት ነበሩ። ምሰሶውን ሁለት ወንበር ላይ አጋደምነው። ቆሜ ተናገርኩ፤ ያንኑ አረንጓዴ ካናቴራ ለብሼ ነው እንግዲህ። ጎጆዎቹን የዘረፍኩት እኔ ነኝ ስል ቤሪል «ኧረ በስመ አብ!» ስትል ሰማኋት። ቀና ብዬ ሰው ማየት አቃተኝ፤ እንጨቱን እያየሁ ጨረስኩ።

የግድቡ ሰዎች ጠበቃ ተነሳ። ወጣት ነው፣ ጫማው ያብረቀርቃል።

«እርስዎ ማንበብና መጻፍ በደንብ አይችሉም፣ አይደለም?»

«ስሜን እጽፋለሁ።»

«ታዲያ ይህ በትናንትናው ቀን እንዳልተጫረ በምን እናውቃለን?»

«ጠይቀኝ» አልኩት። «የፈለግከውን ዓመት ጥራ።»

«ስልሳ ሦስት።»

ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ ከላይ ቆጥሬ ወረድኩ። ዘጠነኛው ላይ ቆምኩ። «ስልሳ ሦስት ባዶ ነው። በሁለቱ መስመሮች መሃል አንድም ጭረት የለም። ኖቬምበርን ሙሉ ወንዙ ከዳርቻው በላይ ነበር፤ ኤሊም አልወጣችም፣ እኔም አልወረድኩም።»

አንዷ ዳኛ የወንዙን የውሃ ልክ መዝገብ አስመጣች። ገለጠች። መነጽሯን አወለቀች። «ልክ ነው» አለች። ሌላ ዓመት ጠየቁኝ፤ ሌላ ዓመት ጠየቁኝ። ጎርፉም ድርቁም እንጨቱ ላይ አለ። ጠበቃው አልለቀቀኝም፤

«ስለዚህ ኤሊዎቹን የጨረሱት እርስዎ እንጂ ግድቡ አይደለም?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ። አንድ ሰው ነበርኩ፤ ያለኝም አንድ አካፋና አንድ ባልዲ ነበር። እኔ በባልዲ ይህን ያህል ካጠፋሁ፣ አንተ በሃያ ዶዘር ምን ልታደርግ ነው?»

አዳራሹ ፈነዳ። ዱጋልድ ከኋላዬ «ከሃያዎቹ አንዱ የእኔ ነበር» አለ፤ ሰው ይበልጥ ሳቀ።

ሰው ይንቀኛል ብዬ ነበር፤ ቀለደብኝ እንጂ አልናቀኝም። ስሜ የኤሊ ሌባ ሆነ፤ መጠጥ ቤት ስገባ «ኪሳችሁን ጠብቁ፣ የኤሊ ሌባው መጣ!» ይሉኛል። ቤሪል ሁለት ሳምንት ዘጋችኝ፤ በሦስተኛው መጥታ «ለእኔ እህት ልጅ በስልሳ ስምንት ለገና የተሰጣት ኤሊ ያንተ ነበር ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «ሳይሆን አይቀርም» አልኳት። «ስሙን ጌታዬ ብላው ነበር» አለችና በሳቅ ገደለችኝ።

ውሳኔው በተሰማበት ሳምንት ቅዳሜ በአዳራሹ ድግስ ሆነ። በግ ተጠበሰ፣ ቢራው እንደ ወንዙ ፈሰሰ። ጠረጴዛ የሚያህል የኤሊ ኬክ ተጋገረ፤ ዱጋልድ ጭራ ያለበትን ቁራጭ «ለክላሪ፣ መተንፈሻው ያለበት በኩል» ብሎ ሰጠኝ። ከቤሪል ጋር ጨፈርኩ። እናትሽ ከሞተች ወዲህ እግሬ ለሙዚቃ ሲነሳ የመጀመሪያው ነው። ጉልበቴ ከዳኝና በሁለተኛው ዙር ላይ ተቀመጥኩ እንጂ እስኪነጋ እጨፍር ነበር።

ሰኞ ማለዳ ዘነበ። ወንዝ ወረድኩ፤ ሜሪዴት ለቀበሮ መከላከያ የሚሆን የሽቦ ወንፊት ሰጥታኝ ነበር። ከዛፉ ሥር ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። አንዲት ኤሊ ከውሃው ወጣች። ጀርባዋ እንደ ትሪ ሰፊ ነው፣ አረንጓዴ ጸጉር የመሰለ የውሃ ሣር ራሷ ላይ በቅሎባታል። አሸዋውን ወጣች፤ ዞራ ቆፈረች፤ እንቁላሏን ጥላ ደፈነችና እኔን አንዴም ሳታየኝ ተመለሰች። እነዚህ ኤሊዎች ለመውለድ ሠላሳ ዓመት ይፈጅባቸዋል፤ ዕድሜያቸው ደግሞ ከሰው ይበልጣል ብላኛለች ሜሪዴት። ይቺ እንግዲህ እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስበረብር ካመለጡኝ ጎጆዎች የአንዱ ልጅ ናት። እጄ በልማዱ ወደ አሸዋው ሄደ። ከዚያ ወንፊቱን አልብሼ በአራት ድንጋይ ጠበቅ አደረግሁት። ኖሊን፣ እንደዚያ ማለዳ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ብቻዬን እንደ እብድ ሳቅሁ።

አሁን ስለ ሬንዞ። የእኛ ወገን የቅየሳውን ስሕተት እንዲያወጣልን አንድ ሌላ ቀያሽ ቀጥሮ ነበር። ሰውየው ሸለቆውን ሁሉ በመሣሪያው ለክቶ ተመለሰና «ይህንን የለካው ሰው የጣት ያህል እንኳ አልሳተም» አለን። ውሃው የእውነትም ሦስተኛው ደረጃ ላይ ይቆም ነበር። ሬንዞ መስመሩን ዝቅ አድርጎ ሊያስደስተኝ ይችል ነበር፤ ዝም ብሎም ደብዳቤው እንዲነግረኝ ሊተወው ይችል ነበር። ገበታዬ ላይ መጥቶ እውነቱን ነገረኝ። ውሸታም ያልኩት እኔ ነኝ፤ በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ለልጁ እውነቱን ያልተናገረው እኔ።

የከተማውም ሰው ጥም እውነት ነው። ዝናቡ ሲመጣ ከጣራው የሚቀበሉበት ትልልቅ በርሜል በየቤቱ ሊያስገቡላቸው ነው አሉ። ይበቃል አይበቃም እኔ አላውቅም። ሬንዞ ያውቅ ይሆናል፤ እጠይቀዋለሁ።

ቤቱ ደህና ነው። የአንቺን ክፍል ቀባሁት፤ ቀለሙ ተርፎኝ ነው። ሰፋ ያለ አልጋም ገዛሁ፤ ርካሽ ስላገኘሁ ነው እንጂ ለማንም ብዬ አይደለም።

እግዚአብሔር አንቺንም ባልሽንም ይጠብቃችሁ። የዚያ ሀገር ፀሐይ አይክበድባችሁ፤ ጉድጓድ የሚወርደውን ሁሉ በሰላም ይመልስላችሁ። ደጃችሁ ሰው አይጣ።

ከዚህ በታች ያለው ዕዳዬ ነው። ማንም እንዳይከፍልልኝ፤ እያንዳንዱን ራሴ እከፍላለሁ።

ለዱጋልድ፦ የአራት ዓመት ሥራ አሳጥቼዋለሁ። ያን መመለስ አልችልም። ግን የላሞቹ ኩሬ ደለል ሞልቶታል፤ ዶዘሩን ይዞ እንዲመጣ ነግሬዋለሁ፤ የወንዙ ማዶ ሰዎችም ኩሬያቸውን እንዲያሠሩት ቤት ለቤት እየዞርኩ ነው። አምስቱ እሺ ብለዋል።

ለቤሪል፦ አንድ ሙሉ ዳንስ። ጉልበቴን ሐኪም ካየልኝ በኋላ።

ለሜሪዴት፦ ሦስት ሳምንት። በየዓመቱ ዝናብ ሲጥል ሦስት ሦስት ሳምንት ወንዝ ወርጄ ጎጆ እቆጥርላታለሁ።

ለኤሊዎቹ፦ አንድ ሺህ ሃያ ስድስት ጎጆ። ዘንድሮ አሥራ አንዱን በወንፊት አጥሬላቸዋለሁ። ሂሳቡን ሠርቼዋለሁ፤ መቶ ሰባ አራት ዓመት እስክሞላ ብኖር ይከፈላል። እስከዚያ አልሞትም።

ለአንቺ፦ ይህ ደብዳቤ።

ለሬንዞ፦ አንድ ቃል። በደብዳቤ አይላክም፤ በአንቺም በኩል አይሆንም። ሰውየውን ፊት ለፊት ነው ውሸታም ያልኩት፤ ፊት ለፊት ነው የምመልሰው። ላሞቹን ቤሪል ልታልብልኝ ተስማምታለች። ባቡር ከባቡር እየቀየርኩ ረቡዕ ዲሴምበር 19 ቀን ካልጉርሊ እገባለሁ። ጣቢያ እንዳትመጡ፤ ቤቱን ጠይቄ አገኘዋለሁ። አንቺ ብቻ ያን ለት ምሳ ሰዓት ላይ ቤት እንዲቆይ አድርጊልኝ፤ በሩን እሱ ራሱ ይክፈትልኝ።

አባትሽ
ክላረንስ ዳንስተን